ከመግዛት መመርመር ይቅደም

(ስለ ርካሽ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ አመራረጥ፥ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኤሌክትሮኒክስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 የንግግራችንን ርእስ በሰሙ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «በበዓል ቀን ስለ ዕቃ ግዢ ምን ይወራል?» ብለው ስቀውብን ነበር። እኛ ግን ከአንዲት መሣሪያ ግዢ ያገኘነው ትምህርት በክፍል ውስጥ ከተማርነው የማያንስ ሆኖ ስላገኘነው፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ታናናሾቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን፥ ስለ እርሱ ልንነግራችሁ ወሰንን። መሣሪያይቱ ኦሲሎስኮፕ ትባላለች።

ኦሲሎስኮፕ ማለት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል በመስታወቱ ላይ በመስመር ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሐኪም የልብን አመታት ሥሎ እንደሚመረምር ሁሉ፥ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛም የታመመውን ዕቃ ትርታ በዚህ መሣሪያ ይመረምራል። መነሻው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ነው። የዛሬው ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ግን በቱቦ ፈንታ ቮልቴጁን በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቍጥር ይለውጠዋል፤ ቍጥሮቹንም በማስታወሻው ውስጥ ካኖረ በኋላ ሥሎ ያሳየናል። ስለዚህም ቀድሞ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ብቻ ይገዙት የነበረው መሣሪያ ዛሬ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ሊገዙት የሚችሉት ዕቃ ሆኗል።

እኛ ይህን መሣሪያ እንድንፈልግ ያደረገን ነገር የተጀመረው በመርካቶ፥ በሸማ ተራ ነው። ከክበባችን አባሎች የአንዱ አባት በዚያ ጋቢና ነጠላ ይሸጣሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት እንዳጠፋ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከእኒህም መካከል አንዲት የጥልፍ ሥራ የሚሠሩ እናት ነበሩ። እኒህ እናት ዕቃቸው ከጠፋ በኋላ ገንዘብ ተበድረው አንዲት ያገለገለች የጥልፍ መኪና ገዙና ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ። መኪናይቱ ግን በሥራ መካከል ድንገት ቀጥ ትላለች፤ ስትነሣም ከየት እንዳቆመች ስለማታውቅ ጥልፉ ይዛባል። የተበላሸውም ቀሚስ ዋጋ ከእርሳቸው ይቈረጣል። ለሠሪ ሰጥተው ሁለት ጊዜ ከፍለው ነበር፤ ነገር ግን አልዳነችም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ጓደኛችን አባት ሱቅ ሄደን ሳለን እኒህ እናት መጥተው፥ «ልጆቼ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ትማራላችሁ አሉ፤ እስቲ ይህችን መኪና እዩልኝ» አሉን። እኛም ደስ ብሎን ሙልቲሜትራችንን፥ በሠፈሩ አጠራር ቴስተራችንን፥ ይዘን ሄድን። መኪናይቱን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ሙልቲሜትሩም 4.9 አሳየን። «ይህ ደኅና ነው፥ እትዬ፤ ኤሌክትሪኩ ምንም የለበትም» ብለን በሙሉ ልብ ተናገርን። በማግስቱ መኪናይቱ እንደ ልማዷ ቆመች። እርሳቸው አልተቈጡንም። እኛ ግን እጅግ አፈርን፤ ያላየነውን ነገር እንዳየን ሆነን ተናግረን ነበርና።

ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን በነገርናቸው ጊዜ አንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ተውሰው ከእኛ ጋር ወደ ሸማ ተራ መጡ። በመስታወቱ ላይ የታየው እንደ ተወጠረ ድር ቀጥ ያለ መስመር መሆን ሲገባው፥ በየ10 ሚሊሰኮንዱ ወደ ታች የሚሰምጥ መስመር ሆኖ አገኘነው። ይኸውም በ1 ሰኮንድ ውስጥ 100 ጊዜ መሆኑ ነው። በአገራችን የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ በዳዮዶች ሲቃና በ1 ሰኮንድ 100 ጊዜ ይነሣል፥ 100 ጊዜም ይወድቃል። በመውደቂያው ጊዜ ክፍተቱን የሚሞላ ካፓሲተር አለ። የዚህች መኪና ካፓሲተር በዕድሜ ደርቆ ኖሮ ክፍተቱን መሙላት አልቻለም። ሙልቲሜትር የሚያሳየው አማካዩን ስለ ሆነ ያን አጭር ውድቀት ሸፍኖብን ነበር። ካፓሲተሩን ለወጥነው፤ ዋጋው እንኳን ከዕዳቸው ጋር ከአንድ ምሳ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። መኪናይቱም ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክበባችን የራሱ ኦሲሎስኮፕ እንዲኖረው ተስማማን። በትምህርት ቤቱ ባዛር ሻይና ዳቦ ሸጥን፤ ወላጆችም ረዱን፤ እኒያም እናት ከዕዳቸው ቀንሰው የእጃቸውን ጨመሩበት። ገንዘቡን ስንቀበላቸው ደስ አላለንም፤ እንቢ ብንልም ይከፋቸው ነበር። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ የማይሆን ዕቃ ብንገዛ የምንከስረው የራሳችንን ብቻ አይደለም። በዚህም ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፥ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለ ወጣ፥ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ ተወድዷል። አንድ ጊዜ ከተሳሳትን ሁለተኛ ጊዜ መግዛት አንችልም ነበር።

በክበባችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን፥ «ባለ ትልቅ ቍጥሩንና ባለ ትልቅ መስታወቱን እንግዛ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ፥ «ከሁሉ የረከሰውን ገዝተን የተረፈውን ለሌላ ዕቃ እናውል» አልን። መምህራችን ሁለቱንም ወገኖች ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ምን ልትለኩበት ነው?» አሉን። መልስ የሰጠ አልነበረም። «እንግዲያው ጥያቄውን ሳታውቁ በመልሱ ትጣላላችሁ» ብለው ጠመኔውን ሰጡን። በሰሌዳው ላይም ይህን ጻፍን፤ አንደኛ፥ የሬድዮና የድምፅ ማጉያ ጥገና፤ ሁለተኛ፥ እንደ ጥልፍ መኪናይቱ ያለ የኀይል ማቅረቢያ ምርመራ፤ ሦስተኛ፥ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ የምንሠራቸው ሥራዎች።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፥ ኦሲሎስኮፕ ለመግዛት የምታስቡ ብትኖሩ በዚህ ጀምሩ። ሰው የሚሰማው ድምፅ ከ20 ሺህ ኸርዝ አያልፍም። የደረቀው ካፓሲተር ያመጣው ውድቀት በ1 ሰኮንድ 100 ጊዜ ብቻ ነበር። አርዱዊኖ ኡኖ የሚሠራበት የሰዓት ምት ግን 16 ሜጋኸርዝ፥ ማለት በ1 ሰኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ነው። እንግዲህ ለድምፅና ለኀይል ማቅረቢያ ሥራ ትንሹ መሣሪያ ይበቃል፤ ለሦስተኛው ግን ሥራው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አርዱዊኖው ከሌላ ዕቃ ጋር በ9600 ፍጥነት ሲነጋገር አንዱ ምልክት 104 ማይክሮሰኮንድ ያህል ይቈያል፤ ይህን ለማየት ትልቅ መሣሪያ አያሻም። የሰዓቱን ምት ቅርጽ ማየት የሚፈልግ ግን ከፍ ያለውን መሻት አለበት።

በካርቶኑ ላይ ከሚጻፉት ብዙ ቍጥሮች ውስጥ መታወቅ ያለባቸው አራቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ባንድዊድዝ ይባላል፤ በሜጋኸርዝ ይጻፋል። 100 ሜጋኸርዝ የተባለ መሣሪያ ያን ያህል ፈጣን የሆነውን ሞገድ በትክክለኛ ቁመቱ ያሳያል ማለት አይደለም። በዚያ ድግግሞሽ የሞገዱ ቁመት ከ100 እጅ ወደ 70 እጅ ያህል ወርዶ ይታያል። አራት ማዕዘን ሞገድም በውስጡ ከራሱ ድግግሞሽ 3 ጊዜ፥ 5 ጊዜና ከዚያም በላይ የፈጠኑ ሞገዶችን የያዘ ስለ ሆነ፥ ቅርጹን ለማየት ከሚለካው ነገር 5 እጥፍ ያህል ባንድዊድዝ ይፈለጋል። ለ16 ሜጋኸርዝ የሚያስፈልገው እንግዲህ 80 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው በ1 ሰኮንድ ስንት ጊዜ ይለካል የሚለው ነው። ይህን በሸማ ማስረዳት ይቀለናል። ማጉ ሳስቶ የተሠራ ሸማ የጥለቱን ቀጭን ሥራ ሊይዝ አይችልም። እንዲሁም መሣሪያው አልፎ አልፎ ብቻ የሚለካ ከሆነ በመካከሉ ያለፈውን ያጣዋል። ከማጣትም ይልቅ የሚብሰው ሐሰት ማሳየቱ ነው። በ1 ሰኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ 999 ሺህ ኸርዝ የሆነ ሞገድ ቢሰጡት የሚያምር የ1 ሺህ ኸርዝ ሞገድ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ያላወቀ ተማሪም ያያትን ያምናል። ደግሞም በካርቶኑ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ለአንድ ቻናል ብቻ ነው። ለምሳሌ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ የተባለው ባለ 4 ቻናል መሣሪያ በአንድ ቻናል በ1 ሰኮንድ 1 ቢሊዮን ጊዜ ይለካል፤ አራቱም ሲሠሩ ግን ለያንዳንዱ የሚደርሰው 250 ሚሊዮን ነው።

ሦስተኛው ማስታወሻው ነው። በ1 ሰኮንድ 1 ቢሊዮን ጊዜ እየለካ 40 ሺህ ቍጥር ብቻ የሚይዝ መሣሪያ የሚያስታውሰው 40 ማይክሮሰኮንድ ብቻ ነው፤ 24 ሚሊዮን የሚይዘው ግን 24 ሚሊሰኮንድ ያስታውሳል። ማስታወሻው ያነሰ መሣሪያ ረዘም ያለውን ጊዜ እንዲያሳይ ቢጠየቅ ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል።

አራተኛው ቮልቴጁን በስንት ደረጃ ይከፍለዋል የሚለው ነው። ባለ 8 ቢት መሣሪያ በ256 ደረጃ፥ ባለ 12 ቢት መሣሪያ ደግሞ በ4096 ደረጃ ይከፍላል። በድምፅ ማጉያ ውስጥ የተሸሸገች ትንሽ ጕርምርምታ ለሚፈልግ ሰው ይህ ይጠቅማል።

እነዚህን ካወቅን በኋላ በገበያ የሚገኙትን በየመደባቸው ተመለከትን። ከሁሉ የሚያንሰው ዲኤስኦ138 የሚባለው፥ ገዢው ራሱ በያይዶ የሚገጣጥመው ነው። ባንድዊድዙ 200 ኪሎኸርዝ፥ ፍጥነቱ በ1 ሰኮንድ 1 ሚሊዮን፥ ቻናሉም አንድ ብቻ ሲሆን፥ የሚችለው ቮልቴጅ እስከ 50 ነው። ንቀን ልንተወው ነበር፤ ነገር ግን የጥልፍ መኪናይቱን በሽታ ይህ ትንሽ ዕቃ ያለ ችግር ሊያሳይ ይችል እንደ ነበረ ስናሰላ ንቀታችንን ተውነው። ከእርሱ ቀጥሎ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኙት አሉ፤ ለምሳሌ ሃንቴክ 6022ቢኢ 2 ቻናልና 20 ሜጋኸርዝ አለው፤ ነገር ግን ያለ ኮምፒዩተር አይሠራም። ከዚያ በላይ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ይመጣሉ፤ ሃንቴክ ዲኤስኦ5072ፒ 2 ቻናልና 70 ሜጋኸርዝ፥ ቀደም ብለን የጠራነው የሪጎል መሣሪያ 4 ቻናልና 50 ሜጋኸርዝ፥ አዲሱ ሪጎል ዲኤችኦ804 ደግሞ 4 ቻናል፥ 70 ሜጋኸርዝና 12 ቢት አላቸው። የመጨረሻው በውጭ አገር በ400 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ስለ ነበር ከአቅማችን በላይ ሆነ።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ከሸማ ተራ ብዙ ሳንርቅ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር መጽሐፍ የምታክል፥ ባለ ባትሪ፥ መስታወቷም በጣት የሚነካ አንዲት ኦሲሎስኮፕ አየን። በካርቶኗ ላይ 100 ሜጋኸርዝ ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋዋም ከገንዘባችን ጋር ገጠመ። ባለሱቁ አብርተው የራሷን የሙከራ ሞገድ አሳዩን፤ መስመሩ እጅግ ያማረ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ገንዘቡን ሊቈጥር ጀምሮ ነበር። የጓደኛችን አባት ግን አብረውን ስለ ነበሩ፥ «ልጆች፥ ቆዩ፤ እኛ ነጠላ ስንገዛ ጥለቱን አናይም፤ ጥለት ሁሉ ያምራል። ወደ ብርሃን አንሥተን መሐሉን ነው የምናየው። ለዚህ ዕቃ ብርሃኑ ምንድን ነው?» አሉን።

በዚያ ቀን መልስ ስላልነበረን ሳንገዛ ተመለስን። የመሣሪያይቱ የራሷ የሙከራ ሞገድ በ1 ሰኮንድ 1 ሺህ ጊዜ ብቻ የሚመላለስ በመሆኑ ስለ 100 ሜጋኸርዝ ምንም አይመሰክርም። ከመምህራችን ጋር መጻሕፍት ስንመለከት አንድ ቀላል ስሌት አገኘን፤ 0.35ን በባንድዊድዙ ብናካፍል መሣሪያው ሊያሳየው የሚችለውን ፈጣን አነሣሥ እናገኛለን። ለ100 ሜጋኸርዝ 3.5 ናኖሰኮንድ ይመጣል፤ ናኖሰኮንድም የሰኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ከዚያ የፈጠነ ጠርዝ ያለው ሞገድ የሚሰጥ ዕቃ ቢኖረን የማንኛውንም ኦሲሎስኮፕ መሐል ወደ ብርሃን አንሥተን ማየት እንችላለን። እንዲህ ያለውንም 74ኤሲ14 ከሚባል አንድ ርካሽ ቺፕ፥ ከአንድ ሬዚስተር፥ ከሁለት ካፓሲተሮችና ከባትሪ ሠራነው፤ በክብሪት ቤት ውስጥም ገባልን።

አስቀድመን በተውሶ መሣሪያው ላይ ብንሞክረው ውጤቱ እጅግ ተበላሸ። «መሣሪያው አርጅቷል» ብለን ልንፈርድበት ስንል፥ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን የፕሮቡ ማብሪያ ከ×10 በ×1 ላይ መተዉን አየች። ፕሮብ በ×1 ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ6 ሜጋኸርዝ አካባቢ በላይ አያሳልፍም። ማብሪያውን ስንመልሰው፥ የመሬቱንም ሽቦ ስናሳጥረው መስመሩ ተስተካከለ። በዚህም የገዛ ስሕተታችንን በዕቃው ላይ እንዳንጥል ተማርን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መደብሩ ተመልሰን፥ «ጋሼ፥ ቢፈቅዱልን በዚህች እንሞክራት» ብለን ክብሪት ቤታችንን አወጣን። ባለሱቁ ስቀው ፈቀዱልን። ፕሮቡን በ×10 አድርገን ስንለካ አነሣሡ 12 ናኖሰኮንድ ሆኖ ተገኘ። በስሌታችን መሠረት ይህ 29 ሜጋኸርዝ ያህል ነው፤ ከተጻፈው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ሂሳቡን በወረቀት ላይ አድርገን አሳየናቸው። ባለሱቁ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «እኔ ካርቶኑ ያለውን ነው የምናገረው፤ ሌላ ምን ዐውቃለሁ?» አሉ። ቀጥለውም፥ «ይህችን ነገር ለእኔም ሥሩልኝ፤ ከአስመጪው ስገዛ እሞክርበታለሁ» አሉን። ሠርተን ሰጠናቸው። ዋጋዋን ስንነግራቸው ከፈሉን፤ ይህም የክበባችን የመጀመሪያ ሽያጭ ሆነ።

ዕቃዋ ግን የማትረባ ናት አላልንም። 29 ሜጋኸርዝ ለድምፅ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ በ29 ሜጋኸርዝ ዋጋ ብትሸጥ ጥሩ ዕቃ ነበረች። የከፋው በ100 ሜጋኸርዝ ዋጋ መሸጧ ነው።

በመጨረሻ የገዛነው አንድ ያገለገለ ሃንቴክ ዲኤስኦ5072ፒና አንድ ገጣጥሙኝ የሚል ዲኤስኦ138 ነው። ለ70 ሜጋኸርዝ ስሌቱ 5 ናኖሰኮንድ ይሰጣል፤ በክብሪት ቤታችን ስንሞክረው ወደ 6 የሚጠጋ አገኘን፤ የክብሪት ቤቷ የራሷ ጠርዝ ጥቂት ስለሚጨምርበት ይህ ትክክል ነው። ማስታወሻው አነስተኛ መሆኑን ዐውቀን፥ በሰሌዳው ላይ ለጻፍናቸው ሥራዎች ግን እንደሚበቃን ተረድተን ገዛነው። ትንሹን ደግሞ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው በያይደው ገጠሙት፤ ከመግጠሙም የተማሩት ከመለካቱ ከተማሩት አያንስም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ አንድ ነገር ሳንናገር ብንወርድ ጥፋት ይሆንብናል። ኦሲሎስኮፕ በአግባቡ ካልተያዘ ሰው ሊገድል ይችላል። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው መሣሪያ የፕሮቡ የመሬት መቈንጠጫ በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። የሁሉም ቻናሎች መቈንጠጫ እርስ በርሱም የተገናኘ ነው። ባለፈው ክረምት ከእኛ አንዱ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቶ መቈንጠጫውን ከ220 ቮልቱ ወገን አያያዘው። ብልጭታ ሆነ፤ ፍንዳታም ተሰማ፤ የቤቱ መብራት ሁሉ ጠፋ። ማንም አልተጐዳም፤ ያ ግን ከጥንቃቄያችን የተነሣ አልነበረም። 220 የምንለው ቮልት በጫፉ ላይ 311 ይደርሳል። ልብን ለማቆም ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል።

አንዳንድ ሠራተኞች ይህን ለማምለጥ የስፒናውን የመሬት እግር ይቈርጣሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያን ጊዜ የመሣሪያው ብረት ሁሉ በነካነው ቮልቴጅ ሊሞላ ይችላልና። ባለ ባትሪውም ቢሆን መቈንጠጫው በ220 ቮልት ላይ ሲያዝ በውጭ ያለው ብረቱ ሁሉ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ በክበባችን ሕግ አውጥተናል፤ ከትራንስፎርመር በታች ካለው ዝቅተኛ ቮልት በቀር መምህር በሌለበት አንለካም፤ የመሬት እግር አንቈርጥም፤ የሶኬቱንም የመሬት ሽቦ በእርግጥ መኖሩን ሳናረጋግጥ አንሰካም። ልጆቻችሁ በቤት ውስጥ ዕቃ ሲከፍቱ ብታዩ አትከልክሏቸው፤ ነገር ግን ይህን ሕግ ጠይቋቸው። መልሱን ካላወቁ ስፒናውን ንቀሉባቸው።

ክቡራትና ክቡራን፤ አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ከመግዛት መመርመር ይቅደም እንላለን። ድኻ ተማሪ ከሀብታም ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ፈራ አይደለም፤ የተሰጠው ገንዘብ የሌላ ሰው ላብ ያለበት ስለ ሆነ ነው። ምን እንደምንለካ አስቀድመን እንወቅ፤ የተጻፈውን ቍጥር ራሳችን እንፈትን፤ ከፈተናውም በፊት የገዛ እጃችንን ስሕተት እንመርምር።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንወጣለን፤ መሣሪያው ግን በክበቡ ክፍል ይቀራል። በሸማ ተራ ያሉት እናት ባለፈው ሳምንት መጥተው፥ ከሸማኔ የተገዛ አንድ ነጭ ጨርቅ በዳር ዳሩ ጠልፈው አመጡልን፤ መሣሪያውም ከአቧራ የሚከደንበት በእርሱ ነው። ታናናሾቻችን ሆይ፥ ያን ልብስ ባነሣችሁ ቍጥር ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አስቡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው በብዙዎች ጥቂት ጥቂት የተገዛ ነውና፥ ለብዙዎች እንዲሠራ አድርጉት። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚመጣ የሠፈር ሰው ቢኖር «ደኅና ነው» ከማለታችሁ በፊት መስመሩን እዩ።